ከመጋረጃው ጀርባ ያልነካሁት ሽቦ

እኔ ኤሌክትሪክ እፈራለሁ። ይሄን ቀድሜ ተናግሬ ልገላገል፤ የቀረው ጣጣ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። መብራት ለማብራት ላስቲክ ጫማ አደርጋለሁ። ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ ከተማችን መቱ ላይ ደግሞ ሳያጉረመርም የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም፣ በቤቱ ያለውን ሶኬት ሁሉ እነቅላለሁ፤ መስታወቱን በነጠላ እሸፍናለሁ፤ ቀይ የለበሰ እንግዳ ካለ አስወልቃለሁ። አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ካውያዬ ትር ብሎ ሰማያዊ ብልጭታ አሳየኝ። ገመዱን ከሥሩ አስቆረጥኩና ካውያውን በር ማስደገፊያ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ የምተኩሰው በከሰል ነው። የተቆረጠውን ገመድ ልጥለው ስል ልጄ ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ይጠቅማል አለች። ለልጄ የማይጠቅም ሽቦ የለም።

እግዚአብሔር ቀልድ ይወዳል መሰለኝ፣ ለእንዲህ ያለች ሴት አምፕሊፋየር የምትሠራ ልጅ ሰጠ። ያለችኝ እሷው ብቻ ናት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ መቱ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ትሠራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ቃል ይይዛታል። ወረቀት አያቻኩልምና ሥራዋ ተስማምቷታል፤ የሚያቻኩላት ሰው ነው። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ይመልሱላታል። የጀመረችውን ቃል ነጥቀው ይጨርሱላታል፣ ያውም እሷ ባላሰበችው። ሌላውን ምን አማለሁ፣ ዋናዋ እኔ ነኝ። "ሚ…" ስትል ሚጥሚጣ አቀብላታለሁ፤ እሷ የፈለገችው ሚስማር ነው። ሚጥሚጣውን ተቀብላ ዝም ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ዝምታውን ለመደችው።

አባቷ ሲያርፍ ከተወልን ዕቃ መሀል አንድ አሮጌ ጂፓስ ቴፕ ነበር፤ አንደኛው ስፒከሩ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። ልጠግነው ብላ ፈታችው። ገጥማ ስትጨርስ ጂፓሱ ድኗል፤ እሷ ግን አልዳነችም። ጓዳው በጣውላ፣ በሽቦና በትራንስፎርመር ሞላ። አዲስ የሠራችውን ዕቃ መጀመሪያ ስታበራ መሀል ላይ ተራ አምፖል ታስገባለች። ስህተት ካለ ኃይሉን አምፖሉ ይቀበላል፤ ቦግ ብሎ ይናገራል፤ ዕቃውም ሰውም ይተርፋል። ከዚያ ሁሉ ኮተት የወደድኩት ያንን አምፖል ብቻ ነው። እንደ እኔ ያለ ፈሪ የፈለሰፈው መሆን አለበት።

ቀጥሎ ግሩፑ መጣ። በስልክ ውስጥ የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው፤ ከጎሬ፣ ከቡሬ፣ ከኡካ፣ ከበደሌ፣ ከአዲስ አበባም አሉ። ሁሉም በየቤቱ ስፒከር የሚሠራ፣ ወይም የሚፈታ፣ ወይም ሚስቱ የከለከለችው ሰው ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ፊደል አውቃለሁ እንጂ ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ምን እንደሚፈልግ አላውቅም። ያላዩትን ሰው እንዴት ያምኑታል? አታለው የት ይወስዱብኝ ይሆን እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ከጓዳ ሳቅ ሰማሁ። የልጄ ሳቅ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ስለ ስፒከር ሳጥን ጣውላ ውፍረት የድምፅ መልእክት እየቀዳች ነው። መሀል ላይ ቃል ያዛት። አሁን ትሰርዘዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ለአክስቷ እንኳ ስትልክ ሰባት ስምንቴ ሰርዛ ጥርት ያለውን ነው የምትልከው። አልሰረዘችም። ቃሉን እየገፋች፣ እየገፋች አወጣችውና እንዳለ ላከችው። አሁን ደግሞ የሚስቅባት ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ጥቂት ቆይቶ ከኡካ ነው የሚባል ሰው መለሰላት፤ ሁለት ሴንቲሜትር ይበቃል አላት። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ በሩን ተደግፌ አለቀስኩ፣ ለሁለት ሴንቲሜትር ጣውላ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግሩፑን መፍራት ተውኩ። ሽቦውን መፍራት አልተውኩም።

ከግሩፑ ሰዎች ከሁሉ አብልጣ የምትወዳቸው ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጎሬ ያሉ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምትላቸው። እሳቸው ሲጽፉ ደብዳቤ ነው፤ "ለተከበራችሁ የድምፅ ወዳጆች" ብለው ጤና ሳይጠይቁ ወደ ነገሩ አይገቡም። ሁለተኛው የቡሬ አናጢ ነው። እሱ ፎቶ ይልክና ከሥሩ ሁለት ቃል ያስቀምጣል። ለልጄ የዋንዛ ሳጥን ሠርቶ በአውቶቡስ የላከላት እሱ ነው፤ መጋጠሚያው ጥፍር አያስገባም። ሦስቱ ሳይተያዩ ሁለት ዓመት ተዋደዱ።

ነገሩ የተበላሸው በሽቦ ነው። ጋሼ ከአዲስ አበባ አውራ ጣት የሚያህል የስፒከር ሽቦ አስመጡ። እሱን ከገጠምኩ ወዲህ ዘፋኟ ምራቋን ስትውጥ ይሰማኛል ብለው ረጅም ደብዳቤ ጻፉ። አናጢው ከሥሩ "ያው ነው" አለ። ያቺ ሁለት ቃል ክረምቱን ሙሉ ስትነድ ከረመች። ጋሼ የጆሮ ድህነት የሚባል ነገር እንዳለ ጻፉ። አናጢው መልስ ሳይሰጥ የተራ መብራት ገመድ ፎቶ ላከ። ግሩፑ ወፍራሞችና ቀጭኖች ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ሰው እየተቀየመ መውጣት ጀመረ፤ እገሌ ወጣ፣ እገሊት ወጣች እያለ ስልኩ እንደ ለቅሶ ቤት ስም ይጠራል።

ልጄ ሁለቱንም ስለምትወድ ለማንም መፍረድ አቃታት። ሳቋ ቆመ። ከሥራ ስትመለስ ጓዳ መግባቷን ትታ ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ ቴሌቪዥን ማየት ጀመረች። ሌላ እናት ብትሆን ደስ ይላት ነበር። እኔ ፈራሁ። እኔ ነገ አልኖርም። ቃሏን ሳይነጥቁ የሚጠብቋት ሰዎች በዓለም ላይ እነዚያ ብቻ ናቸው፤ እነሱም በሽቦ ሊበተኑ ነው።

የግሩፑ ሰዎች የመጋረጃ ችሎት የሚሉት ልማድ አላቸው። ዕቃው መጋረጃ ጀርባ ይደረጋል፤ አንድ ሰው ተደብቆ እየቀያየረ ያጫውታል፤ ሰሚዎቹ የትኛው እንደሆነ ሳያዩ የሰሙትን ይጽፋሉ። ዓይን ያዳላል፣ ጆሮ አያዳላም ነው ነገሩ። ልጄ ችሎቱ እኛ ቤት ይሁን ብላ ሁለቱንም ለመነቻቸው። እሺ አሉ። ቀያሪው ማን ይሁን ሲባል ጋሼ በደብዳቤያቸው የቤቱ እናት ይሁኑ፣ የማያውቅ ሰው ለማንም አይወግንም አሉ። አናጢው "ጥሩ ነው" አለ። ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ በኋላ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር እኔ ሆንኩ። እንዴት እምቢ ይባላል?

ልጄ ሦስት ቀን አስተማረችኝ። ማጥፊያውን አጥፊ፤ ብሎኑን አላሊ፤ አንዱን ሽቦ አውጥተሽ ሌላውን አስገቢ፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፤ ከዚያ አብሪ። እጣ ከከረጢት አወጣለሁ፤ የቡና ፍሬ ከወጣ የጋሼ ወፍራም፣ በቆሎ ከወጣ የአናጢው ቀጭን። በተለማመድንባቸው ሦስት ቀናት ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎ ስለነበር እጄ እንደ ባለሙያ ነበር። እሷም አየሽ እማዬ አለችኝ። እኔም አየሁ።

የችሎቱ እሑድ ደረሰ። ከቡሬ መቱ የሚመጣ ሰው በጎሬ ያልፋል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ደግሞ መልክ አይተዋወቁም፤ ግሩፑ ላይ ጋሼ የለጠፉት ፎቶ የስፒከር ነው፣ አናጢው የለጠፈው የበሬ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ጎሬ ላይ አንድ ሽማግሌ ከረጢት ታቅፈው ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ አናጢው ጠጋ ብሎ ከጎኑ አስቀመጣቸው። እስከ መቱ ስለ ቡና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ እያወሩ መጡ። ጋሼ ቆሎ አካፈሉት። መነኸሪያ ወርደው ተመራርቀው ተለያዩ፤ ግን በአንድ መንገድ ሄዱ። አንዱ ሲታጠፍ ሌላውም ታጠፈ። እኛ በር ላይ ነው ጋሼ ዘወር ብለው አንተ ደግሞ እዚህ ማን አለህ ያሉት። አንዲት ጓደኛ አለኝ አለ አናጢው። ከዚያ አንዱ ከሌላው ከረጢት ብቅ ያለውን ሽቦ አየ። በሩን ስከፍት እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ፊታቸውን አዙረው ቆመዋል፤ አናጢው አፍ ውስጥ ግን የጋሼ ቆሎ ገና አላለቀም።

ጎረቤቴ ይሄን ሁሉ በአጥሯ ቀዳዳ ታያለች። ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት እሑድ ጠዋት ኮት የለበሱ ሁለት ወንዶች ሲመጡ በእኛ አገር ትርጉሙ አንድ ነው። ሮጣ መጥታ፣ የማን ወገን ሽማግሌዎች ናቸው ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ስለ ሽቦ ነው የመጡት አልኳት። የደበቅኳት መሰላትና አኩርፋ ሄደች።

ልጄ እንግዶቿን ልትቀበል ወጣች። "እ… እንኳን" ስትል ቃል ያዛት። እኔ "ደህና መጣችሁ" ልል አፌን ስከፍት ሁለቱም ዓይናቸውን እሷ ላይ አድርገው፣ ፈገግ ብለው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሲጠብቁ አየሁ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ጨረሰችው። አናጢው የዋንዛ ሳጥኑን እንደ ወለደው ልጅ ዳበሰው። ጋሼ ሳያስቡት ሥራህ ነው እንዴ ብለው ጠየቁትና ኩርፊያቸው ትዝ ሲላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ምሳ ተበላ፣ ችሎቱ ተሰየመ። ሦስቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ተቀመጡ። እኔ ላስቲክ ጫማዬን አድርጌ፣ የዕቃ ማጠቢያ ጓንቴን አጥልቄ፣ የእንጨት ማማሰያዬን ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ማማሰያው ማጥፊያውን ከሩቅ ለመንካት ነው። ያ ደጉ አምፖልም መሀል ገብቷል። እጣ አወጣሁ፤ በቆሎ። ማጥፊያውን አጠፋሁ፣ መፍቻውን አነሳሁ። በዚህ ጊዜ ሰማዩ ከሶር ወንዝ በኩል አጉረመረመ።

ጠፍቷል፣ አውቃለሁ። ልጄ ምላለች። እጄን ሰደድኩት፤ እጄ ግን ቤት እንደሳተ እንግዳ ደርሶ ተመለሰ። ደግሜ ሰደድኩት፤ ደገመ። ከመጋረጃው ወዲያ ሦስት ሰዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ምን ላድርግ? አጠገቤ የቆርቆሮ ሳህን ነበር። በመፍቻው ኪል ኪል አደረግሁት። ብሎን የሚፈታ ሰው እንደሚያቃስት ትንሽ አቃሰትኩ። በማማሰያዬ አበራሁና "ተዘጋጅቷል" አልኩ። የመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው፣ በሁለተኛው እደፍራለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። በሁለተኛው ነጎድጓዱ ቀረበ።

እንዲህ ሆኖ ስድስት ዙር ሄደ። ስድስት ጊዜ እጣ፣ ስድስት ጊዜ ሳህን፣ አንድም ጊዜ ሽቦ የለም። ከወዲያ በኩል ጋሼ ለራሳቸው ሲናገሩ ይሰማኛል። አንዱ ላይ ጭጋጉ ተገለጠ ይላሉ፤ ቀጥሎ ያለው ላይ ተመልሶ ወደቀ እያሉ ያዝናሉ። በአራተኛው ዙር የአናጢው ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

"ይሄኛውስ አንድ ነገር አለው" አለ።

"ምን አለው?" አሉ ጋሼ፣ ቀስ ብለው።

"ይጣፍጣል።"

ስድስተኛው እንዳለቀ አናጢው ተነስቶ ጋሼ ጉልበት ላይ ጎንበስ ሲል በመጋረጃው ክፍተት አየሁ። "ዱጋዳ" አለ በኦሮምኛ፤ "እውነት ነው ጋሼ፤ ሽቦ ይለያያል። ክረምቱን ሙሉ ያስቀየምኩዎ እኔ ነኝ" አለ። ጋሼ ቀና አደረጉትና፣ የአንተን ሳጥን የመሰለ ነገርም በዕድሜዬ አልሰማሁም አሉት። ተቃቀፉ። እኔ ጓንቴን እንዳጠለቅኩ አማተብኩ። እንግዲህ ፍርሃቴ ሰው አስታረቀ፣ ይሄ ምስጢር ከእኔ ጋር ይቀበራል ብዬ ወሰንኩ።

ቀጥሎ የልጄን ወረቀት ጠየቋት። ባዶ ነው።

"እኔ… እኔ ምንም አልሰማሁም" አለች። ጠበቋት። "ስ… ስድስቱም ለእኔ አንድ ናቸው። እናንተ ሁለታችሁም ሰምታችኋል። ጆሮዬ… ጆሮዬ ሞቷል መሰለኝ።" ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። ስልኳን ከጠረጴዛው አነሳች። "እኔ ግሩፑን እ… እ…"

ሁለቱ ሰዎች ጠበቁ። ቃሉ ምን እንደሆነ እኔ አውቄዋለሁ። እወጣለሁ ልትል ነው። በዚህ ቤት ጥርት ብሎ የሚሰማ ጆሮ የእሷ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እኔ በሳህን ልገድለው ነው። ቃሏን አልጨረስኩላትም። መጋረጃውን ገልጬ ከነጓንቴ፣ ከነማማሰያዬ ወጣሁ።

"አልነካሁትም" አልኩ።

"ምኑን?" አሉ ጋሼ።

"ሽቦውን። አንዱንም። ነጎድጓድ ነበረ።"

አናጢው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። "እትዬ፣ ያ ኪል ኪል የሚለውስ?"

"ሳህን ነው።"

ጋሼ ተቀመጡ። ወረቀታቸው ላይ ከላይ እስከ ታች በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጭጋግ፣ ብርሃን፣ ጥልቀት የሚል ተደርድሯል። ታዲያ ሲጫወት የቆየው የቱ ነው ብለው ጠየቁ። በድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ተስፋ ነበረበት። እኔ አላውቅም። ልጄ ገብታ አየችና ጨርቅ የለበሰ አሮጌ ገመድ ይዛ ወጣች። ጠዋት ዕቃው መጫወቱን ለማየት የገጠመችው ነው። እማዬ በመጀመሪያው ዙር ታወጣዋለች ብላ ትታዋለች።

"የ… የካውያው ነው" አለች።

የጋሼ ወፍራም ሽቦ ከነከረጢቱ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። የአናጢው ቀጭን ሽቦም አጠገቡ ተኝቷል። ችሎቱን የመራው የእኔ በር ማስደገፊያ ጅራት ነው። አሁን ተነስተው ይሄዳሉ፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን አዋረድኳቸው፣ ልጄንም ብቻዋን አስቀረኋት ብዬ ማማሰያዬን ታቅፌ ቆምኩ።

ጋሼ ወደ አናጢው ዞሩ። "ይጣፍጣል ያልከው ካውያውን ነው።"

"እርስዎስ ጋሼ" አለ አናጢው፣ "ጭጋጉ የተተኮሰልዎ በምን ሆነና?"

መጀመሪያ የሳቀችው ልጄ ናት። ያንን የጓዳ ሳቅ ፊት ለፊቴ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ አናጢው፤ ከዚያ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ። እኔ መሳቅ እንደሚገባኝ እርግጠኛ ስላልሆንኩ ጓንቴን ማውለቅ ጀመርኩ። ጋሼ ከደህናው ወንበር ተነስተው ልጄን አስቀመጧትና፣ ሦስት ጆሮ ተሰብስቦ የሰማው አንዱ ብቻ ነው አሉ። አሁን በትክክል እንየው ተብሎ ልጄ ራሷ ልትቀያይር መፍቻውን ስታነሳ መብራት ሄደ። እስከ ማታ አልመጣም። ስለዚህ ወፍራም ይሻላል ወይስ ያው ነው የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የለውም፤ እንዲኖረው የሚፈልግም ያለ አይመስለኝም።

ሊሄዱ ሲሉ ጋሼ በሩ ላይ ቆም ብለው አንገታቸውን አከኩ። ያቺን የካውያ ገመድ ለጥቂት ቀን ብወስዳት ቅር ይላችኋል ወይ አሉ። አናጢው፣ እሳቸው ከወሰዱማ እኔም ድርሻዬን እፈልጋለሁ አለ። ልጄ መሀሏን ቆርጣ አካፈለቻቸው። በአንድ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

ጋሼ በማግስቱ "ለተከበራችሁ የድምፅ ወዳጆች" ብለው ነገሩን ሁሉ፣ ጭጋጋቸውን እንኳ ሳይደብቁ ጻፉት። አናጢው ከሥሩ "ካውያ ነው" አለ። ከግሩፑ የወጡት አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ግማሾቹ ሊታረቁ፣ ግማሾቹ ሊስቁ። ለእኔም ሰላምታ ይልኩልኛል፤ የሳህኗ ዳኛ ነው የሚሉኝ። ጎረቤቴ ግን ከሩቅ አገር የመጡ ሽማግሌዎችን በሽቦ አሳብቤ መለስኩ ብላ እስካሁን ታወራለች።

ከወር በኋላ ይመስለኛል፣ እኔ ሸሚዟን በከሰል እየተኮስኩ፣ እሷ አጠገቤ ሽቦ እየላጠች፣ ያን ቀን እኮ ግሩፑን እወጣለሁ ልትዪ ስትዪ ነው ሮጬ የወጣሁት አልኳት። መላጧን አቁማ አየችኝ።

"ግሩፑን እ… እ…" አለች። ካውያውን አስቀምጬ፣ እጄን አጣጥፌ ጠበቅኋት። "እጠይቃለሁ። ግሩፑን እጠይቃለሁ ልል ነበር። ጆሮው እንዲህ የሆነበት ሌላ ሰው ካለ።"

ለካ የትም ልትሄድ አልነበረም። እኔ ሁለት የተከበሩ እንግዶች ፊት በዕቃ ማጠቢያ ጓንት የተዋረድኩት፣ ልጄ ጓደኞቿን አንድ ነገር ልትጠይቅ ስትል ነው። አሁንም የፈለገችው ሚስማር ነበር፤ አሁንም ያቀበልኳት ሚጥሚጣ ነው። ይሄን ስላት ሳቀች፣ የሸሚዙ ክንድም በዚያው ተቃጠለ።